አራተኛው ክር

ጋሽ አንለይ ክራሩን እጄ ላይ አኖረ፤
ስድስት ክር፣ አንድ ጣባ፣ ቆዳው የጠቆረ።
«በይ እስቲ ትዝታን» አለኝና ዞረ፣
በመስኮቱ በኩል ዘንባባ ቆጠረ።

አስራ ሁለት ዓመቴ። ምን አለኝ የራቀ?
ማን ጥሎኝ ሄደና ሆዴ ተሳቀቀ?
አንድ የወተት ጥርሴ ጣሪያ ላይ ቀርታለች፣
አንድ እግር ሰንደሌ ጣና ውስጥ ሰጥማለች፣
ሐረገወይን ደግሞ ወረታ ሄዳለች፣
(እሷም ብትሆን ለገና እመጣለሁ ብላለች።)

ይኸው ነው ያለኝ ሁሉ።
ነካካሁት፤ ጮኸ፣
ጠዋት በብርድ እንደማይነሳ የባጃጅ ሞተር።
ክፍሉ ሳቀ። ኪቦርድ የሚነካው ሙሳ
ሳቁን በእጁ ሸፈነ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

የጎረቤት ሬዲዮ ሲያለቅስ ሰምቼ፣
ያንን እህህታ እንዳለ ቀድቼ፣
ሳምንት ሙሉ ለፋሁ። ጋሽ አንለይ አዳምጦ
«የማን ነው?» አለኝ፤ እኔም ዝም፣ ፊቴ ተለዋውጦ።
«ቀድሞ አይመታም ክራር። ይቃኛል» አለኝ፣ «ይቃኛል።»

አባቴ ታረቀኝ ዓሣ ነው ሥራው።
ሬዲዮ የሚከፍተው ነፋስ ሲያሰጋው፣
ዘፈን ሲጀምር ይዘጋል፤ ባትሪ እንዳይፈጀው።
ሌሊት በአስር ሰዓት ይወጣል በጀልባ፣
ቆሮሶና አምባዛ ይዞልን ሊገባ።
«አባትሽ የት ነው?» ሲሉኝ «ሊቃኝ ነው» እላለሁ፣
«ሐይቁን ሊቃኝ ሄዷል»፤
ቃሉ አንድ መሆኑን ያኔ መች አውቃለሁ።

የወላጆች በዓል ነገ ሊሆን፣ ማታውን፣
ሳጠብቅ ሳላላ አራተኛውን፣
ጧ! አለ። ተበጠሰ። ጉንጬን ገረፈኝ።
ሱቅ ተዘግቷል። መብራት የለም። እንባ አሸነፈኝ።

አባቴ ደጃፉ ላይ መረብ ይጠግናል፣
የእጅ ባትሪውን በአንገቱና በትከሻው መሐል ይዞ።
ቀና ብሎም አላየኝ።
አንዱን ክር ከመረቡ በቢላዋ ለየ፣
ወጠረው፣ ጆሮው ጋ አስጠጋው፣ ነካ አድርጎ ቆየ።
ሌላ ክር። ደግሞ ነካ። «ይሄ ታሟል» አለኝ።
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ዝም ብሎ ሰጠኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ለካ፣
ደካማውን ከብርቱው በጆሮው ሲለካ!
እኔ የሰው ሬዲዮ ስር ስለምን ያደርኩት
ደጃፌ ላይ ነበረ።

በማግስቱ አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱ ያፈላል፤
ናይለን ሙቀት አይችልም፣ ቀስ እያለ ይላላል።
መሐል ላይ ስደርስ ድምፁ ወረደ፣ ወረደና
እንደ መልሕቅ ጭቃ ነካ።
ሳቅ ከኋላ ወንበር መጣ።
አልሸሸሁም። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣
ጎንበስ አልኩ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ሌሎቹን አምስቱን ወደ እሱ አወረድኳቸው፤
የታመመውን ሳይሆን ጤነኞቹን ቃኘኋቸው።

ከዚያ የወጣው ነገር ትዝታ ይሁን አይሁን አላውቅም።
ቀርፋፋ ነበር። ታንኳ በደረቅ ደንገል ላይ ሲጎተት
የሚያሰማው ዓይነት ሸካራነት ነበረው።
ጋሽ አንለይ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣
ዘንባባ ሳይቆጥር መልሶ አደረገ።

አንደኛ ሙሳ ወጣ። ይገባዋል፣
ጣቶቹ የሐምሌ ዝናብ ናቸው።
ለእኔ ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ።

አባቴ ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ ነበር፣
የዓሣ ሽታው እንዳይደርስባቸው ከሰው ርቆ።
መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦
«አልተበጠሰም?»
«አልተበጠሰም።»
«እሱ ጥሩ ክር ነው» አለ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት ዝም።

ዛሬም መረቡ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፣
ስንቱን ቆሮሶ ይሆን በሌሊት ያሾለከች።
ሌላውን ሁሉ ይጠግናል፤ እሷን ግን ይተዋታል።
«ትዝታ» ሲሉኝ አሁን፣
ጣቴ ከክሩ በፊት እሷን ይነካታል።